የሰርግ ቪዲዮ ደጋግሞ ሲቆረጥ ጥራቱ እንዳይወርድ፦ ከፎቶ ቤት ምን እንቀበል፣ ምን ላይ እናስቀምጥ?

ጎጃም ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ አንዴ ተቀናብሮ አያበቃም። ጥር ላይ ይቀረጻል፣ ፎቶ ቤቱ አቀናብሮ በፍላሽ ይሰጣል። ከዚያ ውጭ አገር ያለችው እህት «የእማዬን ምርቃት ብቻ ቆርጣችሁ ላኩልኝ» ትላለች። መልሱና ቅልቅሉ ይጨመራል። ልጅ ሲወለድ ክርስትናው ይቀጠልበታል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ፣ ቡሬም ሆነ ዳንግላ ነገሩ ያው ነው።

ችግሩ ቤተሰቡ በየጊዜው የሚቆርጠው ያንኑ የተቀናበረ ኤምፒ ፎር መሆኑ ነው። ጠላ ላይ ውሃ ሲጨመርበት ቅራሪ እንደሚሆን ሁሉ ቪዲዮውም በየዙሩ ይቀጥናል። የሙሽራዋን ቀሚስ ጥለት ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያው ፋይል ላይ ክሩ ለየብቻ ይታያል። አራተኛው ቅጂ ላይ ጥለቱ አንድ ደብዛዛ መስመር ሆኗል። እስክስታ ሲወረድ ትከሻው ዙሪያ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይፈጠራሉ። ማታ ዳስ ውስጥ የተቀረጸው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። አብዛኛው ኤምፒ ፎር የሚታመቀው በኤች 264 ነው። ይህ ዘዴ እያንዳንዱን ምስል ሙሉ በሙሉ አያስቀምጥም። አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ምስል ይይዛል፣ በመሃል ያሉትን በለውጣቸው ብቻ ይመዘግባል፣ ዓይን አያየውም ያለውን ዝርዝር ይጥላል። ኤክስፖርት ባደረጋችሁ ቁጥር፣ ማለትም የቆረጣችሁትን አዲስ ፋይል አድርጋችሁ ባወጣችሁ ቁጥር፣ ፕሮግራሙ ፋይሉን ፈትቶ እንደገና ያምቀዋል፣ እንደገናም ይጥላል። አምስት ሴኮንድ ጽሑፍ ለመጨመር ብላችሁ የሁለት ሰዓቱን ቪዲዮ ኤክስፖርት ብታደርጉ፣ አብዛኛው ፕሮግራም ሁለቱንም ሰዓት ነው እንደ አዲስ የሚያምቀው። የተጣለው ደግሞ አይመለስም። ፎር ኬ ብላችሁ ብታወጡትም ፋይሉ ይገዝፋል እንጂ ጥለቱ አይጠራም።

እንግዲህ ፎቶ ቤት ስትዋዋሉ የምትመርጡት ከሦስት ነገሮች ነው።

አንደኛው የተለመደው ነው፦ የተቀናበረው ኤምፒ ፎር በፍላሽ። ርካሽ ነው፣ ቴሌቪዥኑም ስልኩም ይከፍተዋል። ለማየት ብቻ ከሆነ ምንም አይወጣለትም። ለመቁረጥ ግን ደካማ መነሻ ነው።

ሁለተኛው ጥሬው ነው። ካሜራው የቀረጸው ሳይነካ፣ ከፕሮጀክት ፋይሉ ጋር። ምርጫው ለእኔ ከተተወ ይሄንን ነው የምወስደው፣ ሰውም እንዲወስደው እለምናለሁ። የፕሮጀክት ፋይል ውስጥ ቪዲዮ የለም፤ የት እንደተቆረጠና ምን ጽሑፍ እንደገባ ብቻ ነው የተመዘገበው። ስለዚህ ትንሽ ነው። አዲስ ቅጂ ሲያስፈልግ ኤክስፖርቱ የሚነሳው ከጥሬው ነው። አስረኛው ቅጂ ከመጀመሪያው እኩል ጥራት አለው። ቦታውም እንደሚፈራው አይደለም። በሴኮንድ 24 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 11 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። የአስር ሰዓት ቀረጻ 110 ጊጋባይት ነው ማለት ነው። በ100 ሜጋቢት ከተቀረጸ ግን ሰዓቱ 45 ጊጋባይት ይደርሳልና ቀድማችሁ ጠይቁ። አንድ ልብ በሉ፦ ፕሮጀክቱ በተሠራበት ፕሮግራም ካልሆነ በቀር እንደልብ አይከፈትም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የማቀናበሪያ ፕሮግራም ነጻ ቅጂ ስላለው በእሱ የሚሠራ ፎቶ ቤት ካገኛችሁ ትገላገላላችሁ።

ሦስተኛው የተቀናበረውን ፕሮሬስ ወይም ዲኤንኤክስኤችአር በሚባል የማመቂያ ዘዴ መቀበል ነው። ሁለቱም ለኤዲተር የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ስለሚያስቀምጡ ተደጋግሞ መታመቅን በጣም ይችላሉ። ዋጋው በቦታ ይከፈላል። ፕሮሬስ 422 በፉል ኤችዲ፣ በሴኮንድ 25 ምስል፣ ሰዓቱ 55 ጊጋባይት ገደማ ነው። ብዙ ቴሌቪዥንም አይከፍተውም። ይህ የሚጠቅመው ሥራው ከኤዲተር ወደ ኤዲተር የሚዞር ከሆነና ጥሬው ከጠፋ ነው። ጥሬው እጃችሁ ላይ ካለ ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አታውጡ።

ምርቃቷን ብቻ ቆርጦ ለመላክ ደግሞ ምንም መግዛት አያስፈልግም። ሎስለስከት እና አቪዴሙክስ የሚባሉ ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ፤ እንደገና ሳያምቁ ይቆርጣሉ። ሁለት ሰዓቱ በደቂቃዎች ያልቃል፣ መብራት ሳይጠፋ ለመጨረስም ይመቻል። የሚቆርጡት ሙሉ ምስል ያለበት ቦታ ላይ ስለሆነ አንድ ሁለት ሴኮንድ ቀደም ብሎ ሊጀምር ይችላል። ጽሑፍና ቀለም አይነኩም። በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ይሁን፤ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ሊያምቀው ይችላል። እስከ 2 ጊጋባይት በነጻ ይሄዳል።

የድሮ ካሴት ላለው ቤተሰብ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ሚኒ ዲቪ ከሆነ በፋየርዋየር ገመድ እንዳለ ይገለበጣል፣ ሰዓቱ 13 ጊጋባይት ነው፣ ምንም አይጠፋም። ቪኤችኤስ ከሆነ ኤፍኤፍቪ1 በሚባለው የማመቂያ ዘዴ አስቀምጡት። ያምቃል እንጂ ምንም አይጥልም።

ማስቀመጫው ላይ ብዙ አላከራክርም። ሃርድ ዲስክ በጊጋባይት ሲሰላ ከሁሉም ይረክሳል፤ ሲወድቅ ግን ይጎዳል። ኤስኤስዲ፣ ማለትም ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ፣ ፈጣን ነው፣ ዓባይ በረሃን በአውቶቡስ የሚሻገር ሰው ቦርሳ ውስጥ የተሻለ ይችላል። ግን ውድ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት ሳጥን ውስጥ እንዲተኛም አይመከርም። ስለዚህ ለማረም ኤስኤስዲ፣ ለማቆየት ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ ሁለተኛው በሌላ ሰው ቤት። ፍላሽ ለማመላለሻ ብቻ ይሁን። «2 ቴራ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ውሸት ነው፤ ኤችቱቴስትደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሞልታችሁ ሳትፈትሹ አትመኑት። ፋት32 በሚባለው ፎርማት የተዘጋጀ ፍላሽ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት ወደሚባለው ፎርማት ቀይሩት።

ጥሬውን የምትጠይቁት ሰርጉ ካለፈ በኋላ ሳይሆን ቀብድ ስትከፍሉ ነው። ፎቶ ቤቶች ለሚቀጥለው ሰርግ ሚሞሪውን ያጸዱታል። ዲስኩን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ስትረከቡም ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው አንዳንድ ፋይል ከፍታችሁ አይታችሁ ቀሪውን ክፈሉ።