የስኳር ዱቄት ወይስ ጋናሽ? ኬክን በቤት ውስጥ በፍጥነት ለማስዋብ

የክሬም መጭመቂያም ሆነ የሠለጠነ እጅ ሳያስፈልግ ኬክን በቤት ውስጥ ለማስዋብ ከሚረዱ መንገዶች መካከል የስኳር ዱቄት መነስነስና የቸኮሌት ጋናሽ (በትኩስ ክሬም የሟሟ ቸኮሌት) ማፍሰስ ቀላሎቹ ናቸው።

የስኳር ዱቄቱ ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ይፈልጋል። ኮከብ ወይም ቅጠል ተቆርጦ የወጣለትን ወረቀት በኬኩ ላይ አስተኝቶ ስኳሩን በደቃቅ ወንፊት መንፋት፣ ከዚያም ወረቀቱን በሁለት እጅ ይዞ ቀጥ አድርጎ ማንሳት ይበቃል፤ ወደ ጎን ከተሳበ የቅርጹ ጠርዝ ይበላሻል። ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ኬኩ ሳይቀዘቅዝ ከተነሰነሰ ስኳሩ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ስለዚህ ኬኩ ሊቀርብ ሲል ቢደረግ ይመረጣል።

ጋናሽ ትዕግሥት ቢጠይቅም፣ በእኔ ግምት ድካሙን ይክሳል። 200 ግራም ክሬም እሳት ላይ ሞቆ ዳር ዳሩ አረፋ ማውጣት ሲጀምር ተመሳሳይ ክብደት ባለው የደቀቀ ጥቁር ቸኮሌት ላይ ይፈስሳል፤ 2 ወይም 3 ደቂቃ ሳይነካ ከቆየ በኋላ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ከመሃል ወደ ዳር በዝግታ ይማሰላል። ትኩስ ሳለ ከፈሰሰ ወርዶ ሳህኑ ላይ ይጠራቀማል፤ ከመጠን በላይ ከቀዘቀዘ ደግሞ አይወርድም። አንድ ጠብታ በቀዝቃዛ ብርጭቆ ጎን ላይ ጣል አድርጎ አወራረዱን ማየት ከግምት ያድናል።

የስኳር ዱቄት የተሰነጠቀ ኬክን አይሸፍንም፤ ጋናሽ ግን ይሸፍናል። ላዩ ለጥ ብሎ ለተጋገረና ወዲያው ለሚቆረሰው ኬክ ስኳሩ ሲበቃ፣ ከአንድ ቀን በፊት ለሚዘጋጀው ጋናሹ ይሻላል።