80 ሺህ ብሬ ምን ገዛ? የአንድ ውድ ኮሌጅ ግምገማ

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ መሸጥ ከጀመርኩ 19 ዓመቴ ነው። የፍሬን ሸራ ሊገዛ የመጣ ሰው ካርቶኑን እያገላበጠ ሲያደንቅ በልቤ አዝንለታለሁ፤ ካርቶን የሚያትም መች ጠፍቶ! ይህን የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ፣ ልጄን ኮሌጅ ሳስመዘግብ ካርቶኑን አይቼ የከፈልኩት።

በ2014 የመጀመሪያ ልጄ የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ነበር። ጊዜው የጦርነት ነውና እናቷ «እኔ በሕይወት እያለሁ አትሄድም» አለች። አዲስ አበባ ውስጥ አካውንቲንግ የሚያስተምሩ ሁለት የግል ኮሌጆች አየን። አንዱ ከንግድ ሕንፃ ላይ ሁለት ወለል ተከራይቶ በወር 1,600 ብር ያስከፍላል። ሌላው የራሱ ግቢ፣ እብነ በረድ የለበሰ ደረጃና ሰላምታ የሚሰጥ ዘበኛ አለው፤ በወር 3,400 ብር። የእህቴ ልጅ ርካሹ ጋ ገባ፣ የእኔዋ ውዱ ጋ። ወቀሳም ስላለብኝ የሁለቱንም ስም አልጠራም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ምሽት ልጆቹ እኛ ቤት አብረው ሲያጠኑ የኮስት አካውንቲንግ ማስታወሻቸውን ጎን ለጎን ዘርግተውት አየሁ። አንድ ነው። ገጽ 14 ላይ ያለው የድምር ስህተት እንኳን አልተለወጠም። ለካስ መምህሩ አንድ ሰው ነው፤ ጠዋት እዚያ፣ ከሰዓት በኋላ እዚህ ያስተምራል። የልጄ ቅጂ የኮሌጇ አርማ አለበት። የእህቴ ልጅ ቅጂ ላይ ግን አርማው በቁራጭ ወረቀት ተሸፍኖ ፎቶ ኮፒ ስለተደረገ የወረቀቱ ጠርዝ ጥላ ብቻ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። ያን ጥላ ሳይ በ1,800 ብር ልዩነት በየወሩ የምገዛው አርማ መሰለኝ። ላስወጣት ቆርጬ ነበር።

ያስቆመኝ የኮምፒውተር ክፍሉ ነው። ልጄ ጋ ለአንድ ተማሪ አንድ ኮምፒውተር አለ፤ የእህቴ ልጅ ጋ አራት ሆነው አንድ ይጋራሉ፣ አንዱ ሲጽፍ ሦስቱ ከኋላ ቆመው ያያሉ። ልዩነቱ የገባኝ ልጄ ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም የተማረች ሰሞን ነው። በተዋሰችው ላፕቶፕ ሱቄ መጥታ የዱቤ ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አስገባችው። ሦስት ቀን ፈጀባት። በአራተኛው ቀን «አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች ከፍለውሃል?» ብላ አንድ ዝርዝር ሰጠችኝ። 14 ሺህ ብር ዱቤ ረስቼ ኖሯል! ግማሹን ሰብስቤያለሁ፣ ለሌላው ግማሽ ሰዎቹ አሁንም መንገድ ይቀይሩብኛል። የእህቴ ልጅ ያንኑ ትምህርት ኤ አምጥቶበታል፤ ፕሮግራሙን ግን ብቻውን ከፍቶት አያውቅም።

ከዚያ ሐምሌ 2015 የመውጫ ፈተናው መጣ። ሃምሳ በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ከግል ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኛ ሰፈር የምረቃ ድግስ ተደግሶለት ዲግሪ ያላየ ልጅ አለ። ከዚያ ወዲህ የልጄ ኮሌጅ ነቃ ማለት ይቻላል፤ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተከፈተ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ክለሳ፣ በኮምፒውተር የሙከራ ፈተና ተጀመረ። ርካሹ ኮሌጅ የጥያቄና መልስ ጥራዝ በ300 ብር ሸጠላቸው፣ አለቀ።

ወቀሳዬን ልንገራችሁ። በሦስተኛው ዓመት ወርሃዊው ክፍያ ያለ ምንም ማብራሪያ 4,100 ሆነ። በሁለት ቀን ብትዘገይ ቅጣት አለ፤ እነሱ የትምህርት ማስረጃ ለመስጠት ሁለት ወር ሲዘገዩ ግን የሚቀጣቸው የለም። ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ከምሳ በፊት «ከምሳ በኋላ»፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ «ነገ ጠዋት» ይባላል። ያ እብነ በረድ ደረጃም ዝናብ ሲዘንብ ያንሸራትታል፤ ለማን ብለው እንደሠሩት እንጃ።

ርካሹ ኮሌጅም በኋላ 1,900 ገብቷልና በአራት ዓመት፣ በዓመት አሥር ወር ሳሰላው ልዩነቱ 80 ሺህ ብር ነው። ሰኔ 2017 ልጄ 63 አምጥታ አለፈች። የእህቴ ልጅ 47 አመጣ፤ በድጋሚ ለመፈተን እያጠና ነው። ሁሉንም በኮሌጁ ላይ አላላክክም፤ እሱ ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤት እየሠራ ነው የተማረው። ስለዚህ ከ80 ሺው 50ውን ሳላዝን እከፍላለሁ፣ 30ው የእብነ በረድ ነው። ኮምፒውተር ብዙ የማይነካ ትምህርት ቢሆን ኖሮ ግን ርካሹ ጋ አስገብቼ በትርፉ ጥሩ አስጠኚ እቀጥርላት ነበር።

ዘግይቼ ያወቅሁት ነገር አለ፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው በጅምላ ለኮሌጁ ሳይሆን ለየትምህርት ዘርፉና ለየካምፓሱ ነው። አንድ ካምፓስ ላይ የተሰጠ ፈቃድ ፎቶ ኮፒው ሌላው ካምፓስ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ዋጋ የለውም። እኔ ይህን ያጣራሁት ልጄ አራተኛ ዓመት ላይ ሆና ነው። ደግነቱ ፈቃድ ነበራቸው።

ታናሹ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ይላል። ባለፈው ሳምንት በወር 5,200 ብር የሚጠይቅ ኮሌጅ ወሰድኩት። እዚያ የምትሠራ ልጅ ቡና አቀረበችልን፣ የሚያብረቀርቅ በራሪ ወረቀት ሰጠችን። የኮምፒውተር ክፍሉን አሳዪን ስላት ቁልፉ ያለው ሰው ወጥቷል አለች። ማክሰኞ ተመልሰን እንሄዳለን፣ ሳንደውል።