በሰቃ ሐይቅ ዳር ፎቶ ለማንሳት የምንመክራቸው ሹፌር

ሰላም የአዳማ ልጆች፣ በተለይ ካሜራ ያላችሁ።

ይህ ምስጋና ፎቶ አንሺዎችን ከአዳማ ወደ መተሐራ፣ በሰቃ ሐይቅ ዳር ለሚያመላልሱ አንድ የዶልፊን ሹፌር ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ አይወዱም፤ ስልካቸውን የፈለገ በውስጥ ይጻፍልን።

ባሕር ባይኖረንም ውሃና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጋጠሙበት ዳርቻ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አለን። ከፈንታሌ ተራራ በስተደቡብ የፈሰሰው ጥቁር ባዛልት እስከ ሐይቁ ዳር ይዘልቃል። የቅርብ ጊዜው ፍሳሽ እ.ኤ.አ. በ1820 አካባቢ የወጣ ነው። ለድንጋይ ይህ ትናንት ማለት ስለሆነ ጠርዙ ገና አልዶለዶመም፤ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል። ሐይቁም ድንበሩን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ውሃ ከ40 በላይ ደርሷል፤ መንገዱንና የድሮውን ሐዲድ ከፍ ለማድረግ ያስገደደውም ይኸው ነው። በድሮ ፎቶ ያያችሁትን መቆሚያ ፍለጋ ብትሄዱ ውሃ ውጦት ልታገኙት ትችላላችሁ።

ጋሼ የሚመሰገኑት በመንዳት ብቻ አይደለም። ከአዳማ የሚነሱት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ አምስት ደቂቃ የዘገየ ሰው ካለ ይደውሉለታል እንጂ አይቆጡም። ሰዓቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፊታችሁን ወደ ፈንታሌ ካዞራችሁ ፀሐይ ከቀኝ በኩል ገብታ የድንጋዩን ጉርብጥብጥ ታወጣዋለች። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ግን ጥቁሩ ድንጋይ ይግላል፤ ከላዩ ያለው አየር ስለሚንቀጠቀጥ በረጅም ሌንስ የሚነሳ ፎቶ ሁሉ ይደበዝዛል። ይህን የትኛውም ውድ ሌንስ አያድነውም።

መኪናውን ሐይቁን በሚያቋርጠው መንገድ ጠርዝ ላይ አያቆሙም፤ የጅቡቲ ከባድ መኪና በዚያ ያልፋል። ወጣ ብለው ጠንካራ መሬት ላይ ካቆሙ በኋላ አካባቢውን የሚያውቅ የከረዩ ወጣት ያገናኟችኋል። ሰውም ሆነ ግመል ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። በአቅራቢያው ያለው አዋሽ አዞ ያለበት ወንዝ ስለሆነ እዚህም ውሃ ውስጥ እግር አይገባም። በውሃው ዳር ነጭ የጨው ቅርፊት ካያችሁ ደረቅ መሬት አይምሰላችሁ፤ ከስሩ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ወፍራም ሶል ያለው ጫማና የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል፤ ሚዛን ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያርፈው እጅ ነው።

ስለ ካሜራው፦ ፍሬሙን ጥቁር ድንጋይ ከሞላው መለኪያው ይሳሳትና ድንጋዩን ግራጫ ያደርገዋል፤ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) ከ1 እስከ 1 ተኩል ስቶፕ ቀንሱ፤ አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ማሳነስ ነው። ሰማይና ውሃ ከበዛ ግን በተቃራኒው ድንጋዩ ይጨልማል፤ ያኔ ሁለት ፎቶ በተለያየ ኤክስፖዠር አንሱ። አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ደግሞ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ይበቃል፤ ከኤፍ 16 በላይ ጥራት ይወርዳል። ሌንስ ላይ የሚገጠመው ፖላራይዘር ማጣሪያ የውሃውን ነጸብራቅ ቆርጦ ከስር ያለውን ድንጋይ ያሳያል። ትራይፖዱ (ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ መቆሚያ) ሲቆም መሃሉ ያለው ምሰሶ ወደ ላይ አይሳብ። ቦርሳ ከሥሩ የምታንጠለጥሉም መሬት ያስነኩት፤ ካልነካ ነፋሱ ያወዛውዘውና ከመርዳት ይልቅ ይጎዳል።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው ለጀሪካኗ ነው። በየጉዞው 10 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይጭናሉ። የበሰቃ ውሃ ጨዋማና አልካላይን ስለሆነ ሲደርቅ በትራይፖዱ መገጣጠሚያ ላይ ነጭ ዱቄት ይተዋል፤ በዚያው ካደረ መገጣጠሚያውን ይፍቀዋል፣ ያጣብቀዋልም። ጋሼ ታዲያ ማንንም ሳያጥብ አያሳፍሩም። ሌንስ ላይ የተረጨውን በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ፤ ጨውና አቧራው ብርጭቆውን ይቧጭራል። መጀመሪያ በእጅ መንፊያ ንፉት፣ ከዚያ በትንሹ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ።

ዋጋውን ነዳጅ ጨምረው ከመነሳት በፊት ይነግሯችኋል፣ መንገድ ላይ ጭማሪ የለም። ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ የመጣ ግን አይጭኑም፤ እኛም ልክ ናቸው እንላለን። ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ስለሚያዙ ቀደም ብላችሁ ደውሉላቸው።