ቴሌስኮፕ ልትገዙ ነው? ለነጁፒተር ነው ወይስ ለዩራነስና ኔፕቲዩን?

ቴሌስኮፕ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ያጎላል?" ብሎ ነው። እኔ ግን የትኛውን ፕላኔት ለማየት ነው ብዬ ነው የምጠይቀው፣ ምክንያቱም ለጁፒተር ከበቂ በላይ የሆነ ዕቃ ኔፕቲዩን ላይ ሲደርስ ምንም አያሳይም።

ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስና ኔፕቲዩን አራቱም ግዙፍ ይባሉ እንጂ አንድ ዓይነት አይደሉም። ጁፒተርና ሳተርን በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም ናቸው፣ ጁፒተር ብቻውን ከመሬት 318 እጥፍ ይከብዳል። ዩራነስ 14 ተኩል፣ ኔፕቲዩን 17 እጥፍ ገደማ ነው፣ የሁለቱም ውስጥ በብዛት ውሃ፣ አሞኒያና ሚቴን ስለሆነ የበረዶ ግዙፎች ይሏቸዋል፣ ግን እንደ በረዶ የደረቀ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ እታች በከባድ ግፊት የታመቀ በጣም የጋለ ፈሳሽ ነው። ወርዳቸው የመሬትን 4 እጥፍ ያህላል። ችግሩ ርቀታቸው ነው፣ ዩራነስ ከፀሐይ ወደ 2.9 ቢሊዮን ኪሎሜትር፣ ኔፕቲዩን 4.5 ቢሊዮን። ማርስ በወርድ ከዩራነስ 7 እጥፍ ታንሳለች፣ ሆኖም በደንብ ስትቀርበን በቴሌስኮፕ ከሱ በጣም ትልቃ ነው የምትታየው።

አሁን ሂሳቡን እዩት። አንድ ፕላኔት በባዶ ዓይን ጨረቃን የምናያትን ያህል እንዲታየን ጁፒተር 40 እጥፍ ማጉላት ይበቃዋል፣ ሳተርን ቀለበቱን ሳንቆጥር 100 ገደማ፣ ዩራነስ ግን 500 አካባቢ፣ ኔፕቲዩን ደግሞ ወደ 800 ይፈልጋል። ደህና ቴሌስኮፕ የሚችለው ማጉላት ደግሞ የሌንሱ ወይም የመስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ሲሰላ እጥፉን ያህል ነው፣ ማለትም 70 ሚሊሜትሩ 140፣ 200 ሚሊሜትሩ 400። ስለዚህ ትንሽ ቴሌስኮፕ ካርቶኑ ላይ 525 እጥፍ ተብሎ ቢጻፍበት እባካችሁ አትመኑት፣ ምስሉ ይተልቃል እንጂ የሚታየው ብዥታ ነው።

10 በ50 ባይኖኩላር (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የሌንሱ ስፋት 50 ሚሊሜትር የሆነ) ካላችሁ ጸጥ አድርጋችሁ ከያዛችሁት የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ታያላችሁ፣ ዩራነስንም በስልክ አፕ ቦታውን ካወቃችሁ ታገኙታላችሁ፣ ግን እንደ ኮከብ ነጥብ ነው። 70 ሚሊሜትር ስትገዙ የጁፒተር ሁለት ቀበቶዎች፣ ማለትም ጠቆር ያሉት የደመና መስመሮቹ፣ እና የሳተርን ቀለበት በደንብ ይታያሉ፣ ለልጆች ከሆነ በዚህ ዋጋ ከሳተርን የበለጠ የሚያስደስት ነገር የለም፣ የበረዶ ግዙፎቹ ግን እዚህም ከነጥብ ብዙም አያልፉም።

ለውጥ የሚመጣው 150 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሸል መጋቢት 1781 እ.ኤ.አ. ዩራነስን ያገኘው ወደ 16 ሳንቲሜትር በሚሆን መስታወት ነበር፣ ማጉያውን ሲጨምር ከዋክብቱ ነጥብ ሆነው ሲቀሩ እሱ ብቻ እየተለቀ ሄደበት፣ መጀመሪያ ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) ነው ያለውም ለዚህ ነው። እናንተም ያንኑ ታያላችሁ፣ በ150 እጥፍ ላይ ገርጣ ያለች አረንጓዴ ቀመስ ትንሽ ክብ። ኔፕቲዩን ደግሞ ሰማያዊ ያዝ ያደረገች ነጠብጣብ። ደመና፣ ቀለበት፣ ነፋስ ምናምን አትጠብቁ፣ ከአጠገባቸው የተነሱት ፎቶዎች ቮዬጀር 2 የተባለችው የናሳ መንኮራኩር በ1986 እና በ1989 እ.ኤ.አ. ስታልፍ ያነሳቻቸው ናቸው፣ ያኛው የኔፕቲዩን ድፍን ሰማያዊም ቀለሙ በምስል ማቀናበር ተጠናክሮ እንጂ በ2024 እ.ኤ.አ. የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ሁለቱ ቀለማቸው በጣም ተቀራራቢ ነው።

200 ሚሊሜትር ዶብሶንያን (ቀላል መቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ) ላይ ኔፕቲዩን ክብ መሆኑ ይለያል፣ በጨለማ ቦታ ትራይተን የምትባለዋን ትልቋን ጨረቃውንም ለማየት መሞከር ይቻላል። ግን 20 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው አልመክርም፣ ከባድ ዕቃ ቤት ውስጥ ቆሞ ነው የሚቀረው።

አገር ቤት ላላችሁ አንድ ጥሩ ነገር አለ፣ ፕላኔቶች ከአዲስ አበባ ከፍ ብለው ነው የሚያልፉት፣ በጣም ዝቅ የሚሉበት ዓመት እንኳን ወደ 57 ዲግሪ ይደርሳሉ፣ ለንደን ላይ ግን ያው ፕላኔት 15 ዲግሪ ላይ በወፍራም አየር ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚታየው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ሰማይ ለዚህ ተመራጭ ነው፣ የከተማ መብራትም ለፕላኔት ያን ያህል አያስቸግርም።

እኔ ብጠየቅ ሁለቱንም ዓይነት ለሚፈልግ 150 ሚሊሜትር ዶብሶንያን ነው የምለው። በዓይን በኩል የሚገባው ትንሹ ሌንስ፣ አይፒስ የሚሉት፣ አብሮ የሚመጣው ብዙ ጊዜ 25 እና 10 ሚሊሜትር ነው፣ የቴሌስኮፑ ፎካል ርዝመት (ከመስታወቱ ብርሃኑ እስከሚሰበሰብበት ነጥብ ያለው ርቀት) 1200 ሚሊሜትር ከሆነ 10ሩ 120 እጥፍ ይሰጣል፣ ለሳተርን በቂ ነው፣ ለዩራነስና ኔፕቲዩን ግን 6 ሚሊሜትር ጨምሩበት፣ 200 እጥፍ ይሆናል።