ለሁለት ሰው ማደሪያ የምትሆን ትንሽ ተጎታች፣ ጓሳ ድረስ ወስደን ሞከርናት

እኔና ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ያሰራናትን ተጎታች ይዘን መንዝ ያለው ጓሳ ሁለት ሌሊት አድረን መጣን፣ ሰው ሁሉ እየጠየቀን ስለሆነ ልንገራችሁ። ባዶዋን 400 ኪሎ አካባቢ ናት፣ ውስጧ ፍራሽና ሁለት መሳቢያ ብቻ፣ ቡና የሚፈላው ከኋላ በሯን ከፍቶ ነው።

ቅለቷን አደራ እንዳትንቁት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር 3000 ሜትር ላይ ሲሶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል፣ ጣርማበር ጋ ስንደርስ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትን ነው የወጣነው። ደሞ ውሃውን በጀሪካን ሞልተን ከኋላ ጭነን ስለነበር መኪናውን ወዲያና ወዲህ ስትወዘውዘው ነፍሴ ወጣች! ለካ ከጠቅላላ ክብደቷ ከ10 እስከ 15 ፐርሰንቱ ከመኪናው ጋር የምትያያዝበት መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት፣ ጀሪካኑን ወደፊት ስናዞረው ቀጥ አለች።

ሌሊቱ ግን ወይ ብርድ! መስኮት ዘግተን ተኛንና ጠዋት ግድግዳው በትንፋሻችን ላብ በላብ፣ ስለዚህ ስታሰሩ አየር ማስወጫ አስደርጉ። የመንዝ ባና ባንይዝ ኖሮ አለቀልን ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት ጭላዳዎቹ ሳር እየነጩ ነው፣ ያወጣንባትን ብር የረሳሁት ያኔ ነው።

የበሩ ማሸጊያ ጎማ አቧራ ያስገባል፣ ሰሪው «ሰኞ ኑ» ካለን ሦስት ሰኞ አለፈ።