በመግቢያ ፈተና የሚመርጡት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ወይስ ደብረ ብርሃን? ለሰሜን ሸዋ የኢንጂነሪንግ ተማሪ የቀረበ ንጽጽር

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ከመሐል ሜዳ፣ ከደነባ፣ ከደብረ ሲናና ከዚሁ ከደብረ ብርሃን የሚደውሉልኝ ወላጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያነሡልኛል። ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጃቸው በራሳቸው የመግቢያ ፈተና ተማሪ ወደሚመርጡት ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ማለትም ወደ አዲስ አበባው ወይም ወደ አዳማው ይሂድ፣ ወይስ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲን አንደኛ ምርጫው አድርጎ ይሙላ? ኢንጂነሪንግ መማር ለሚፈልግ ለአብዛኛው የሰሜን ሸዋ ልጅ ደብረ ብርሃን ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ከገንዘቡ ጀምሬ አስረዳለሁ። ሕክምና የሚፈልግ ተማሪ ግን ይህ ንጽጽር አይመለከተውም፤ ደብረ ብርሃን የአስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ ያለው ሲሆን ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምና ትምህርት ቤት የላቸውም።

ብዙ ወላጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነጻ ይመስለዋል፤ ነጻ ግን አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የማደሪያውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ለመክፈል ውል ይፈርማል፤ ከተመረቀ በኋላም ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ይህም በወር 3,000 ብር፣ በ10 የትምህርት ወራት 30,000 ብር፣ ኢንጂነሪንግ በሚወስደው 5 ዓመት ደግሞ 150,000 ብር ይሆናል። ተመራቂው በወር 12,000 ብር ደመወዝ ቢቀጠርና 1,200 ብር ቢቆረጥበት፣ ለምግቡ ብቻ 125 ወር፣ ማለትም ከ10 ዓመት በላይ ይከፍላል ማለት ነው። የውሉ ቅጽ ተማሪው ምግብና ማደሪያ ይፈልግ እንደሆነ የሚመርጥበት ቦታ አለው፤ ብዙ ቤተሰብ ግን ይህን ሳያነብ ይፈርማል። ቤቱ ደብረ ብርሃን የሆነ፣ ወይም አክስቱ ዘንድ ማደር የሚችል ልጅ ምግብና ማደሪያውን ትቶ ለትምህርቱ ብቻ መፈረም ይችላል። ቂሊንጦ (የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ያለበት ሰፈር) ወይም አዳማ ለሚገባ የእኛ አካባቢ ልጅ ግን ይህ ምርጫ በወረቀት ላይ እንጂ በኑሮው የለም።

ከኪስ የሚወጣው ገንዘብም ቀላል አይደለም። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መኪናው የሚያራግፈው በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባለው ላምበረት መናኸሪያ ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ደግሞ በከተማዋ ደቡብ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ነው። ስለዚህ ፍራሽና ሻንጣ የያዘ ተማሪ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አለበት፤ ለዚያ የሚከፈለው የታክሲ ሒሳብ ከደብረ ብርሃን ላምበረት ከተከፈለው የአውቶቡስ ዋጋ ሲበልጥ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። አዳማ የሚሄደው እስከ ቃሊቲ መናኸሪያ ድረስ ያንኑ ጉዞ ካደረገ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጨምራል። ይህ በየሴሚስተሩ መጀመሪያና መጨረሻ፣ በየበዓሉም የሚደገም ነው። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ደግሞ ልጁ የመመለሻ ገንዘቡን በልቶ እዚያው ይቀራል፤ ወላጅም ሌላ መላክ ይኖርበታል።

ሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች ማሳነስ አልፈልግም። የተመረጡ ተማሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ የሚፈጠረው ፉክክር ልጅን ያሳድጋል፤ ለዓመታት በኮሪያዊ ፕሬዚዳንት የተመራው የአዳማው ዩኒቨርሲቲም በምርምር የተሻለ ልምድ አካብቷል። ይሁን እንጂ ያ ፉክክር ሌላም ውጤት አለው፤ ወላጆች አስቀድመው የሚያስቡትም አይመስለኝም። ተማሪው ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደበው በመጀመሪያ ዓመት ባመጣው አማካይ ውጤትና በምርጫው ነው። ደብረ ብርሃን ቢገባ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ተሰልፎ ኤሌክትሪካል ወይም ሶፍትዌር እንደ ፍላጎቱ ሊይዝ የሚችል ልጅ፣ ሁሉም ጎበዝ በሆነበት ክፍል መካከለኛ ሆኖ ያልፈለገው ትምህርት ክፍል ሊደርሰው ይችላል። የተፈለገው ሙያ ካልተገኘ የዩኒቨርሲቲው ስም ለ5 ዓመት ድካም በቂ ካሳ አይሆንም።

በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን የሚገባው ተማሪ እንደ ድሮው በብዛት የሚታፈስ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ የሚያመጣው ጥቂት ሆኗል፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። የማለፊያ ውጤት ሳያመጡ የማካካሻ ትምህርት (ሬሜዲያል) ተከታትለው የሚገቡ ተማሪዎች መኖራቸውን አልዘነጋም፤ ሆኖም በቀጥታ ያለፈው ልጅ የሚቀመጠው አንድ ጊዜ በጥብቅ ከተነፉ ጓደኞች ጋር ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ግዴታ መሆኑ ደግሞ ሚዛኑን ይበልጥ ወደ ደብረ ብርሃን አዘንብሎታል። የአንድ ሙያ ተመራቂዎች በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ቢማሩ አንድ ፈተና ይወስዳሉ፤ 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪ አያገኝም። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተፈታኞች ያለፉት 62.37 በመቶ ነበሩ፤ ከ100 ተማሪ 37 ያህሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብተውም ወድቀዋል ማለት ነው። በዚህ ፈተና ልጁን የሚያሳልፈው ጊዜና ሰላም አግኝቶ ማጥናቱ ነው፤ ለታክሲ የሚወጣውን ገንዘብ ለመጽሐፍና ለኢንተርኔት ያዋለ ልጅ ይጠቀማል።

የመግቢያ ፈተናውን ለመውሰድ ለወሰነ ተማሪ ስለሚሸጡት የፈተና ጥራዞች ማስጠንቀቅ ግዴታዬ ነው። በየፎቶ ኮፒ ቤቱና በቴሌግራም «የባለፈው ዓመት የመግቢያ ፈተና ከነመልሱ» እየተባለ የሚሸጠው ወረቀት አብዛኛው ከአሮጌ የ12ኛ ክፍል ጥያቄዎች የተለቀመ ነው። የጎረቤቴ ልጅ የገዛችውን ጥራዝ አብረን ስንሠራው የፊዚክሱ መልስ በብዙ ቦታ ስሕተት ነበር፤ የአንዳንዱ ጥያቄ ሥዕል ደግሞ በኮፒ ብዛት ጠፍቶ የሚነበብ ነገር አልነበረውም። እሷም ጥያቄውን ትታ መልሱን ስትሸመድድ ሳምንታት አልፈውባታል። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የመማሪያ መጻሕፍትን ከነመልመጃቸው በሚገባ መሥራት ከእነዚህ ጥራዞች ሁሉ ይበልጣል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

የትም ተገባ የት ኢንጂነሪንግ ላፕቶፕ ይጠይቃል፤ ትልቁ የአንድ ጊዜ ወጪም ይኸው ነው። የእኅቴ ልጅ «ካርቶኑ ያልተከፈተ» ተብሎ የተሸጠለት ላፕቶፕ ከወራት በኋላ ባትሪው አበጠ፤ ሲፈታ ብሎኖቹ ቀድሞ የተነኩ፣ ባትሪውም ተመሳስሎ የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ጥቂት ቆይቶ ማጠፊያው ተሰበረ፤ መለዋወጫው እዚህ ስላልተገኘ አዲስ አበባ ተልኮ የተጠየቀው የጥገና ዋጋ የመግዣውን ግማሽ ሊደርስ ጥቂት ቀረው። ስለዚህ ከመክፈል በፊት በባለሙያ አስፈትቶ ማየት፣ ራሙ ከ8 ጊጋባይት ያላነሰ፣ ማከማቻውም ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በፍላሽ የሚሸጠውን ያለ ፈቃድ የተባዛ አውቶካድም (የኢንጂነሪንግ ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም) አትግዙ፤ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ አምራቹ አውቶዴስክ ደግሞ ለተማሪዎች ያለ ክፍያ ይሰጣል።

የተግባር ልምምድን በተመለከተ ደብረ ብርሃን ዛሬ የፋብሪካ ከተማ ናት። ከነባሩ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጀምሮ የቢራ ፋብሪካዎቹና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ለመካኒካል፣ ለኤሌክትሪካልና ለኬሚካል ተማሪ ከግቢው ብዙ ሳይርቁ ይገኛሉ፤ ሌላ ከተማ ቤት ተከራይቶ መለማመድ አይጠበቅበትም።

ፍርዴ የማይሠራባቸው ሁለት አካባቢዎች አሉ። ለምንጃር ሸንኮራ ሰው፣ በተለይ ለአረርቲ፣ አዳማ ከደብረ ብርሃን ይቀርባል፤ ስለ መጓጓዣ ያልኩት ሁሉ እዚያ ይገለበጣል። ከመርሐቤቴ የሚነሣውም በሙከ ጡሪ በኩል አዲስ አበባ መግባት ስለሚቀለው ቂሊንጦን ቢያስቀድም አልቃወምም። ከእነዚህ ውጭ ግን ሁለቱን የምመክረው ምርምር ውስጥ መቅረት ለሚፈልግና በመካከለኛ ውጤት ልቡ ለማይሰበር ልጅ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ይመዝገብ፤ የመግቢያ ፈተናውን ባያልፍ መደበኛው ምደባ ስለሚጠብቀው፣ በዚያኛው ቅጽ ላይ ደብረ ብርሃንን አንደኛ አድርጎ መሙላቱን ወላጁ አጠገቡ ተቀምጦ ያረጋግጥ።