የሃይድሮጂን ሞገድ ከሱሉልታ፦ የአርቲኤል-ኤስዲአር ብሎግ ቪ3 ግምገማ

የጨለማ ቁስን (የማይታይ፣ በስበቱ ብቻ ይታወቃል የሚባለውን ቁስ) ጥያቄ ከማንበብ አልፎ በልኬት መሞከር ለሚሻ ሰው ይህ ከኮምፒውተር ጋር የሚሠራ የዩኤስቢ ሬዲዮ (ዶንግል) ሥራውን በሚገባ ይወጣል። የሚቀበለው የሃይድሮጂን ጋዝ በ1420.405 ሜጋኸርዝ የሚለቀውን ሞገድ ነው። ሞገዱ ከዚህ ቁጥር መዛነፉ የጋዙን ፍጥነት ይነግራል፤ የዶንግሉ የውስጥ ሰዓት የ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ) ስሕተት ወደ ፍጥነት ሲቀየር በሰከንድ 0.3 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ዶንግሉ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ለዚሁ ሞገድ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማጉያ ያስፈልገዋል። ማጉያው 4.5 ቮልት በኬብሉ በኩል ከዶንግሉ ያገኛል፣ ይህን በሶፍትዌር ማብራት አይዘንጋ። ቦታው አንቴናው ሥር ነው። ከማጉያው በፊት 1 ዲሲቤል የሚበላ ኬብል ከገባ 75 ኬልቪን ያህል ጫጫታ ይጨምራል፤ በስፔክትረሙ (የሞገዱን ጥንካሬ በየድግግሞሹ በሚያሳየው ሥዕል) ላይ የምትታየው ደካማዋ የሃይድሮጂን ጉብታም እዚያው ትሰምጣለች።

አንቴናውን ማንኛውም ቆርቆሮ ሠሪ ያወጣዋል፦ አፉ 75 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀንድ፣ ጭራው ላይ 16.5 በ10.5 ሴንቲ ሜትር ሳጥን። 5.3 ሴንቲ ሜትር የመዳብ ሽቦ በሰፊው ጎን መሐል፣ ከተዘጋው ጫፍ 6.9 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይገባል። የመጋጠሚያው ክፍተት በአልሙኒየም ቴፕ ይደፈን።

ሱሉልታ የሚመረጠው የእንጦጦ ተራራ ከተማውን ስለሚጋርድ ነው። የቀሩት ጠላቶች ኤልኢዲ አምፖልና የላፕቶፕ ቻርጀር ናቸው፤ ላፕቶፑ በባትሪ ይሥራ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሬዲዮም ፀጥ ይላል፣ ያ ሰዓት አይባክን! ደመና ይህን ሞገድ አይከለክልም፤ ስለዚህ ፍኖተ ሐሊብ (ሚልኪ ዌይ፣ የእኛው ጋላክሲ) በምሽት ከራስ በላይ የሚሆንበት ነሐሴ ለዚህ ሥራ ክፉ ወር አይደለም። መብረቅ ከታየ ግን ኬብሉ ይነቀል።

የሬዲዮውን መቃኛ መሐል 1420.9 ሜጋኸርዝ ላይ ያድርጉት፤ በመሐሉ የሚታየው የዶንግሉ የራሱ ሹል መስመር ከሚፈለገው ጉብታ ይርቃል። ከፍኖተ ሐሊብ ርቆ ወደ ባዶ ሰማይ የተወሰደ ስፔክትረም ዋናውን ልኬት ለማካፈያ ይያዝ። የምድርና የፀሐይ እንቅስቃሴም ይታረም፤ ያለዚያ ስሕተቱ በሰከንድ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ይደርሳል።

በጋላክሲ ኬንትሮስ (ከጋላክሲው መሐል ጀምሮ በፍኖተ ሐሊብ ላይ በሚቆጠር ዲግሪ) 30 ዲግሪ የጉብታው የከፍተኛ ፍጥነት ዳር በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነበባል፤ በዚህ አቅጣጫ የሚታየው የፀሐይ ፍጥነት (220) ግማሽ፣ 110፣ ሲደመርበት 220 ይሆናል። ከፀሐይ በግማሽ ርቀት ወደ መሐል የቀረበው ጋዝ የፀሐይን ያህል ይፈጥናል ማለት ነው። ክብደቱ ሁሉ መሐል ላይ ቢከማች ኖሮ፣ እጥፍ ርቀት ላይ ያለችው ፀሐይ 156 ብቻ በሆነች ነበር።

ይህ ጨለማ ቁስን አያረጋግጥም። ከፀሐይ ወደ ውስጥ የሚታየው ኮከብና ጋዝ ራሱ ብዙ ስበት አለው፤ ሞርዴካይ ሚልግሮም እ.ኤ.አ. በ1983 ያቀረበው፣ ጨለማ ቁስን ትቶ የስበትን ሕግ የሚለውጥ ሐሳብም ጠፍጣፋ ኩርባ (ከመሐል ሲርቁ የማይቀንስ ፍጥነት) ይተነብያል። ከፀሐይ ወደ ውጪ ያለውን ለመለካት የጋዙ ርቀት መታወቅ አለበት፣ የቀንዱ እይታም 20 ዲግሪ ስለሚሰፋ ያደበዝዛል። ክበብ ያቋቋመ ገንዘቡን ዲሽ ላይ ያውጣ፤ 3 ሜትር ዲሽ እይታውን ወደ 5 ዲግሪ ያጠበዋል፣ ዶንግሉና ማጉያውም እነዚያው ያገለግላሉ።